ወደ ቂብላ የዞረው ሽንት ቤት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው፣ በደርግ ጊዜ። ጅማ አወቱ መንደራ ከሚገኘው ቤቴ ወጥቼ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስደርስ፣ የሥራ ተቆጣጣሪው ጓድ ታደሰ መዶሻዬንና የሲሚንቶ መለጠፊያ ካዞላዬን አየና "የራስህ ነው?" አለኝ። "የራሴ ነው" አልኩት። "ጥሩ። እኛ የለንም" ብሎ ቀጠረኝ። የግንበኝነት ፈተናዬ ይኸው ነበር።

መሥሪያ ቤቱ በገዛ ፈቃዳቸው ሊያገለግሉ ከውጭ የሚመጡ ሰዎችን በየገጠሩ ይመድባል። እነሱ ያስተምራሉ፤ የሚያስተምሩበትን ቤት እኛ እንገነባለን። እኔ መድረሳ ገብቼ ቁርአን ቀርቻለሁ፣ የቀለም ትምህርት ግን ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም። ፕላን የማነበው በሥዕሉ ነው። ቁጥር አውቃለሁ። ለግንበኛ ይበቃል።

የተመደብኩት ከደዶ ወዲያ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ከሚያስኬድ መንደር ነው። ሁለት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ቀድሞ ተሠርቷል። እዚያ የምታስተምረው ፈረንጅ ካሪን ትባላለች። ረጅም ናት፣ አማርኛዋ ከመጽሐፍ የተማረችው ነው፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም "እርስዎ" ትላለች። የአንደኛ ክፍል ልጅ "እርስዎ ደብተርዎን ያውጡ" ሲባል ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል።

በደረስኩበት ቀን ጉዳዩን ነገረችኝ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰባት ሴት ልጆች አሉ። ከፍ እያሉ ነው፣ መጸዳጃ ግን የላቸውም፤ ከመንገዱ ዳር ቡናው ውስጥ ነው የሚገቡት፣ በመንገዱ ደግሞ ገበያተኛው ሁሉ ያልፋል። አባቶቻቸው፣ ልጆቻችን የሚሰወሩበት ቤት ካልተሠራ ከትምህርት እናስወጣቸዋለን ብለዋል። ካሪን ቤት ቤቱን እየዞረች ለምናቸው፣ ሽንት ቤቱ እስኪያልቅ ሊታገሡ ቃል ሰጧት።

"ሰባቱም እንዲቆዩልኝ እፈልጋለሁ" አለችኝ። "በተለይ ሰአዳ።" ሰአዳ አራተኛ ክፍል ነበረች። ካሪን በሰሌዳው ላይ ሒሳብ ስትሳሳት፣ ሌሎቹ ዝም ሲሉ፣ እጇን የምታወጣው እሷ ናት።

ፕላኑን የሳለችው ካሪን ራሷ ነች፤ መሥሪያ ቤቱ ማህተም መትቶበታል። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ የድንጋይ ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል። በየክፍሉ መሐል ክብ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ። ጉድጓዱን የመንደሩ ሰው በደቦ ቆፈረው። ጉድጓድ ጉድጓድ ነው፤ ፊቱ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም።

ፊቱ የሚታወቀው መርገጫው ሲቀመጥ ነው። ሲባጎዬን ወጥሬ ስለካ ነገሩ ገባኝ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። በቀን አምስት ጊዜ የምሰግድበት አቅጣጫ ነው፤ ቂብላ። እኛ ደግሞ ስንጸዳዳ ለቂብላ ፊታችንንም ጀርባችንንም አንሰጥም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረንም፣ ከእናታችን ጉያ እንማረዋለን።

ለምን አልተናገርክም ትሉኛላችሁ። ፕላኑ ማህተም አለበት። በዚያን ጊዜ ማህተም ያለበትን ነገር የነካ ሰው አሻጥረኛ ይባላል። ምክንያቱ ሃይማኖት ነው ካለ ደግሞ ኋላ ቀር ይባላል። ሁለቱንም በአንድ ቀን መባል አልፈለግኩም። መርገጫውን እንደ ፕላኑ አስቀመጥኩ፣ ውሃ ልክ አድርጌ።

ሲያልቅ ግድግዳውን በኖራ ቀባሁት። ጓድ ታደሰ ከጅማ መጥቶ በሩን ከፍቶ ዘጋው፣ ከፍቶ ዘጋው። "ዘመናዊ ነው" አለ። ተጨበጨበ።

በማግሥቱ ሰአዳ ገባች፣ ወዲያው ወጣች። ለሌሎቹ አንድ ቃል ተናገረች። ሰባቱም ተሰልፈው ወደ ቡናው ሄዱ።

ካሪን ቆሻሻ መስሏት በየማለዳው ታጥበው ጀመር። "ይሸታል?" ብላ ጠየቀችኝ። "አይሸትም፣ የገባበት የለም" አልኳት። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሁሉ ንጹሑ ሽንት ቤት እሱ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ። ካሪን አባቶቹ ጋ ሄደች። ወተት ሰጧት፣ ወንበር አቀረቡላት፣ "ኢንሻአላህ ይመጣሉ" አሏት። እንግዳ በገዛ እጁ ያሠራውን ነገር፣ ያውም ሽንት ቤት፣ ፊት ለፊት የሚነቅፍ ሰው በዚያ አገር አይገኝም። ተመልሳ "ቃላቸውን በሉ" አለችኝ። እኔ ለመምህራን ቤት ድንጋይ እጠርብ ነበር። ጠረብኩ።

አንድ ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ፣ የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ ሙዘሚል ጠሩኝ።

"ያ ኑረዲን፣ ሰፈርህ የት ነው?"

"ጅማ፣ አወቱ መንደራ።"

"ጅማ ቂብላው ወዴት ነው?"

"እንደዚሁ ነው፣ ሼሃችን። ወደ ሰሜን።"

"ኤዬ! እኔ ደግሞ ጅማ ወደ ሌላ የሚሰግዱ መስሎኝ።" መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። "ግድግዳ ካለው ይፈቀዳል የሚሉ ዑለማዎች አሉ። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። 'ይፈቀድ፣ እኛ ግን አንገባም' አሉ። ያቺ ፈረንጅ ልጅ አታውቅም፣ ሐቅ ነው። አንተስ?"

"ማህተም ነበረበት።"

"ሱብሓነላህ! ማህተሙ ይቀመጥበታ!" አሉ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያው ቀጥ ብዬ ካሪን ጋ ሄድኩ። የልጆች ደብተር እያረመች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ሲባጎውን የወጠርኩ ቀን።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፕላኑ ማህተም ነበረው።"

"ማህተሙን እኔ ነኝ ለምኜ ያስመታሁት! በሩ ከነፋስ እንዲከለል ብዬ ነው እንዲህ የሳልኩት እንጂ፣ ወዴትም ቢዞር ለእኔ አንድ ነበር።" ደብተሩን ዘግታ "እርስዎ መጥፎ ሰው ነዎት" አለችኝ። ስትቆጣ እንኳን "እርስዎ" ነው። ቀጥላ "ማስተካከል ምን ያህል ይወስዳል?" አለች።

"አንድ ቀን ተኩል። ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ።"

በማግሥቱ መርገጫዎቹን በመዶሻና በመሮ ነቀልኩ። ቀዳዳው ክብ ስለሆነ አይነካም። ችግሩ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰውየው ወደ ጎን ሲዞር ጉልበቱ ግድግዳ ይነካል ወይ? ይህ በቁጥር አይገኝም። ገብቼ ቁጢጥ አልኩ። ካሪን ከበሩ ሜትር ይዛ ከጉልበቴ እስከ ግድግዳው ትለካለች። "አንድ ስንዝር" ትላለች። በዚህ መሐል ጓድ ታደሰ ለቁጥጥር ደረሰ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እየለካሁ ነው፣ ጓድ።"

"ማን ፈቀደልህ?"

ልነሳ ስል ካሪን ቀደመችኝ። "እኔ ነኝ። ፕላኑ ስህተት ነው፣ የሳልኩትም እኔ ነኝ" አለችው። ጓድ ታደሰ መጀመሪያ እሷን አየ። ቀጥሎ የተነቀሉትን መርገጫዎች አየ። ቀጥሎ ሰሜንን አየ። የጅማ ልጅ ነው፤ እሱ ክርስቲያን ቢሆንም ጎረቤቶቹ እኛ ነን።

"ይህ የቴክኒክ ማስተካከያ ነው?" አለ።

"አዎ፣ የቴክኒክ" አልኩ፣ እንደተቀመጥኩ።

ጻፈው። ማህተሙ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ መታበት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ወር ሙሉ የፈራሁት ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሲሚንቶው ሲደርቅ ሼህ ሙዘሚል ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ቆዩ። ወጥተው ለአባቶቹ "ጥሩ ነው" አሏቸው። ከዚያ በላይ ምርመራ አልተደረገም።

በሳምንቱ ስድስቱ ልጆች ተመለሱ። ሰባተኛዋ አልመጣችም።

ካሪን ቤቷ ሄደች፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። የሰአዳ አባት ደጃፉ ላይ ቡና ያሰጣል። ተነስቶ ሰላም አለን። ልጅ ከትምህርት ቀርታ ቤት ስትቀመጥ ለትዳር ጠያቂ ይበዛል አለን። ከአሰንዳቦ ደህና ነጋዴ መጣ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ኒካው፣ ከታሰረ ሁለት ሳምንት ሆነው። ደስተኛም ኀዘንተኛም አልነበረም፤ የሆነውን ነው የነገረን።

አባትየው ለእኔ አዘነ መሰለኝ፣ ወደ እኔ ዞሮ "ሽንት ቤቱ ተስተካከለ አሉኝ፣ ኑሬ። ጥሩ ነው። ለታናሿ ይሆናል" አለኝ።

በመንገድ ካሪን አላናገረችኝም። የአገልግሎት ዘመኗን ጨርሳ እስክትሄድ ድረስ ስለ ሥራ እንጂ ስለ ሌላ አላወራንም። አልተቀየምኳትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ገነባሁ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የቡና መጋዘን። ፕላን ሲሰጠኝ ማህተሙን አላይም፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚገለገልበት ሰው ማን እንደሆነ ነው። ጥፋት ካየሁ ሲባጎ ሳልወጥር እናገራለሁ። አንድ ሁለቴ ተቆጥተውኛል፣ አንዴ ከሥራ ወጥቻለሁ።

ለወጣት ግንበኞች የምነግረው ይህንኑ ነው። ያወቃችሁትን ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። መርገጫ ተነቅሎ ይዞራል፤ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። የጠበቀችው ልጅ ግን በወሩ አትገኝም።