ሥራ ፈት

የሸሚዜን እጅጌ ክር ስስበው ጠርር ብሎ ተተረተረና፣ ከኢትዮጵያ ወደ ጁባ የተመለስንበት ዓመት ትዝ አለኝ።

እናቴ ጉዴሌ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ለሙሽራ የአልጋ ልብስ ትጠልፍ ነበር። ሠርጉ ደርሷል፤ እሷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እጇን አጣጥፋ የጠለፈችውን ወፍ ስታየው ዋለች። በሦስተኛው ቀን መቀስ አንስታ ትፈታው ጀመር። ጠርር፣ ጠርር።

«ያላ፣ ጨርሺ እንጂ! አንቺ ሥራ ፈት!» አለቻት አክስቴ፤ ስትቆጣ አማርኛ ይቀናታል።

«አዎ፣ ሥራዬን እየፈታሁ ነው» አለች እናቴ። «ሙሽራ የሞተ ወፍ ላይ አላስተኛም።»

ያኔ በእናቴ አፍሬ ነበር።

አሁን የመጽሐፍ ሽፋን እስላለሁ። ባለፈው ወር አለቃዬ «ምን ቁጭ ብለህ ታያለህ?» ሲለኝ ደንግጬ ያላመንኩበትን ሥዕል አስረከብኩ። ይኸው፣ ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የቱን ክር ስቤ ልፍታው?