ባቡር ያልደረሰበት የኮኪት ባቡር ቤት

ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ጎንደር

ከመናኸሪያ ስንወጣ ገና ጎሕ አልቀደደም። የሚኒባሷ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካንና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ተጭነዋል። እኔ የያዝኩት ቱንቢ፣ መዶሻና ሜትር ነው። ግንበኛ ነኝ፤ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሲታመም እጠራለሁ። አሁን የጠሩኝ የኮኪት ሰሊጥ ገበሬዎች ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ዝናሽ ናቸው።

"ግቢያችን ውስጥ ባቡር ቤት የሚሉት ያረጀ መጋዘን አለ" አሉኝ በስልክ። "ግማሹ አባል ይፍረስ፣ ግማሹ ይጠገን ይላል። ዶዘሩ ሐሙስ ይመጣል። አንተ አይተህ የምትለውን እንሰማለን።"

ሾፌሩ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ።

"ኮኪት፣ ባቡር ቤት።"

ሳቀ። "በዚህ መስመር ስንት ዓመት ነዳሁ፤ ባቡር አላየሁም። ስሙን ግን አገሩ ሁሉ ይጠራዋል።"

ረፋድ 3 ሰዓት፣ አይከል

ትኩስ ፍርፍር በላን። እዚህ ሰው ጋቢ ደርቧል። ከዚህ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ በየጠመዝማዛው አንድ ልብስ ይወልቃል። ገንዳ ውኃ ስንደርስ የታሸገ ውኃ ዋጋ ከጎንደሩ እጥፍ ሆኗል፤ ማንም አልተከራከረም። ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ኮኪት

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከሰሊጥ ማበጠሪያው ጀርባ ረጅም የድንጋይ ቤት፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ በጭነት መኪና ወለል ልክ ከፍ ያለ የድንጋይ መድረክ። ደጃፉ ላይ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ መጠጥ፣ ይዘው ጠበቁኝ። ጠባቂው አያ ወርቁ ናቸው፤ ከሳቸው በፊት አባታቸው ጠብቀውታል።

ወደ ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ደነገጥኩ። ጣሪያውን የተሸከመው እንጨት አይደለም፤ የባቡር ሐዲድ ነው።

"አያ ወርቁ፣ ባቡር እዚህ ደርሶ ነበር እንዴ?"

"ደርሷል" አሉ ፈጠን ብለው። "አባቴ ጭነት አውርዷል።"

ትክ ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ወደ ከርከዴው መለሱ።

"አልደረሰም፣ ልጄ። ባቡሩ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው የሚቆመው። ከዚህ ሰሊጥ በሎሪ እየሄደ እዚያ በባቡር ይጫን ነበር። ሐዲዱን እዚያ ተጥሎ አግኝተው በሎሪ ያመጡት አባቴና ጓደኞቹ ናቸው። መጋዘን ነው ብል ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ባቡር መጥቶ ነበር ስል ልጁም አዋቂውም ይቆማል።"

ረቡዕ፣ ጠዋት

ሐዲዶቹን አንድ በአንድ በመዶሻ መታሁ፤ ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። የፊቱ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። የኋላው ላይ የቱንቢውን ክር ስጥል ግን የግድግዳው መሃል ወጣ ብሎ ክሩን ገፋው። አሸንዳው ከተሰበረ ቆይቷል፤ የዓመታት ክረምት ውኃ ጭቃውን አጥቦ ግድግዳውን እንደ እርጉዝ ሆድ አሳብጦታል።

አያ ወርቁ አጠገቤ ቆመው ነበር። "ይሄን ለአባላቱ ባትነግርብኝስ?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሰው ላይ ቢወድቅስ፣ አያ? ስለ አንቱ ብዬ ብደብቅ መጀመሪያ የሚያገኘው አንቱን ነው።"

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ለምሳም አልጠሩኝም።

ሐሙስ፣ ረፋድ

ዶዘሩ በሩ ላይ ቆሟል። አባላቱ በዳሱ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ የኋላው ግድግዳ ለሕይወት ያሰጋል፣ ሌላው ጤነኛ ነው።

"ታዲያ ያሰጋል ካልክ ምን እንጠብቃለን?" አለ አንዱ።

አያ ወርቁ ተነሡ። "ባቡር መጥቶ ነበር እያልኩ ዋሽቻችኋለሁ" አሉ። "አልመጣም። ሐዲዱን እስከዚህ ያደረሱት የናንተው አባቶች ናቸው። ግድግዳውም ታሟል፤ እንዳይነግራችሁ የለመንኩት እኔ ነኝ።"

አንድ ጎልማሳ ገበሬ፣ ይፍረስ ከሚሉት ወገን፣ ቆቡን አወለቀ። "አባቴ ትከሻው ላይ ጠባሳ ነበረው" አለ። "ብረት ስሸከም ያገኘኝ ነው ይለኝ ነበር። የተሸከመው ይሄን ነው?"

"ይሄን ነው" አሉ አያ ወርቁ።

ይጠገን ያለው እጅ በዛ። ወይዘሮ ዝናሽ ወደ እኔ ዞሩ። "ክረምት ሳይገባ ታደርሰዋለህ ወይ፣ ወንድሜ?"

"ሰው ከሰጣችሁኝ፣ አዎ።"

ዶዘሩ ባዶውን ተመለሰ። ሥራ የሚጠብቁ ሳሉጎች፣ ከወሎና ከጎጃም የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ በዚያው ቀን ተቀጠሩ። ጣሪያውን በወፍራም አጣና ደግፈን የታመመውን ግድግዳ ድንጋይ በድንጋይ አወረድነው። በሦስት ሳምንት በዚያው ድንጋይ መልሰን ካብነው፤ አሸንዳውም አዲስ ሆነ። ያ ጎልማሳ አንድ ቀን አልቀረም።

ከሳምንታት በኋላ፣ እሑድ፣ ጎንደር

ትናንት ማታ ቤቴ ገባሁ። ዛሬ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ አያ ወርቁ ናቸው። ከኋላቸው ቆርቆሮ ሲንጫጫ ይሰማል።

"ዘነበ!" አሉ።

"ግድግዳውስ?"

"ደረቅ ነው። ጀርባዬን አስደግፌበት ነው የማወራህ። ገበያተኛው ዝናቡን ሸሽቶ ገብቶ ሞልቶታል፤ መቆሚያ የለም። በል ዝጋው፣ ስለ ሐዲዱ እየጠየቁኝ ነው።"