መርከበኛው በየካ ዳገት

ነጋሪት የተጎሰመው የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ሳያልቅ ነበር። የሸፈተ አንድ ደጃዝማች በሱሉልታ በኩል መጥቶ ጎተራችንን ሊያቃጥል ነው ተባለ። የእኛ ጦር ከየካ በላይ ያለውን ዳገት እንዲይዝ ታዘዘ። ልጄ ተሰማ ጠመንጃ ከተሸከመ ገና የመጀመሪያ ክረምቱ ስለነበር፣ እኔም ስንቅ ተሸክሜ ከጓዙ ጋር ተከተልኩ። ቤት ብቀርም እህል ውሃ አያሰኘኝም ነበር።

ጓዙን የሚጠብቁት አያ ባሕሩ ናቸው። ጉልምስናቸውን በምጽዋ በቱርክ የጦር መርከብ ላይ ጨርሰው፣ አንድ እግራቸው አንክሶ ወደ ደጋ የወጡ ሰው ነበሩ። ከመርከብ ያመጧት ሣጥን አለቻቸው፤ ሲስቧትና ሲገፏት እንደ ሰው እየተነፈሰች ትዘፍናለች። እንዲህ ያለ ድምፅ በእንጦጦ ሌላ ሰው ዘንድ የለም። እሳቸው እህል ቢያጡ ችለው ይውላሉ፣ ዜማ ሳይሰሙ መዋል ግን አይሆንላቸውም። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው፣ የከበሮውን ምት በጣታቸው ጭናቸው ላይ ሲከተሉ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ መጠየቅ እወዳለሁ።

«አያ ባሕሩ፣ ባሕር ከአዋሽ ሙላት ይበልጣል?»

«አዋሽ ቢሞላም ማዶው ይታያል፣ እቴ። ባሕር ማዶ የለውም።»

«ማዶ ከሌለው ሰው ወዴት ብሎ ይሄዳል?»

«ይህንኑ ስጠይቅ አይደል ያረጀሁት!»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሰዎቻችን በጽድ ዛፎቹ መካከል ቁልቁል ወረዱ። ወዲያው ጉም መጣ። ክንዴን ዘርግቼ ጣቴን አላየሁም። ተኩስ ተከፈተ። ማን ማንን እንደሚተኩስ አናውቅም። ጦሩን የሚመሩት ፊታውራሪ ሰው እንዲሰበሰብ መለከት አስነፉ። ከማዶም ያው መለከት፣ ያው ጥሪ ተመለሰ። ሽፍቶቹ አምና የእኛው ጦር ነበሩና ጥሪያችንን ያውቁታል። ከሰዎቻችን አንዳንዶቹ የወገን መስሏቸው ወደዚያ ሄዱ። ጩኸታቸውን ሰማን።

አያ ባሕሩ እያነከሱ ፊታውራሪው ፊት ቆሙ።

«ጌታዬ፣ መርከብ በጉም ሲጠፋ የምንጠራው በድምፅ ነው። መለከት እነሱም አላቸው፤ የኔን የመሰለ ሣጥን ግን የላቸውም።»

«አንተ መርከበኛ፣ ሠርግ ቤት መሰለህ?»

እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ጌታዬ፣ ልጄ እዚያ ውስጥ ነው።»

ፊታውራሪው ወደ አያ ባሕሩ ዞረው «ምታት» አሉ።

አያ ባሕሩ ከጓዙ የራቀ ቋጥኝ መረጡ። «አትከተይኝ፣ እቴ። ጥይትም ጆሮ አለው» አሉኝ። መቱ። ቆም ብለው አዳመጡ። ደግመው መቱ። ሰዎቻችን አንድ አንድ እያሉ ከጉሙ ወጡ። አንዱ ክንዱ እየደማ «እናንተ ዘፈን ላይ፣ እኛ እሳት ላይ!» ብሎ ሳቀ። ጥይቱም ወደ ድምፁ መምጣት ጀመረ።

«ይበቃል፣ ይውረዱ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ልጅሽ መጣ?»

«አልመጣም።»

ደግመው መቱ።

ተሰማ የቆሰለ ጓደኛውን አዝሎ ወጣ። «መጣ! ይውረዱ!» ስል የሣጥኗ ድምፅ መካከል ላይ ተቆረጠ።

ረፋድ ላይ ጉሙ ተገለጠ። ሽፍቶቹ መሰብሰባችንን አይተው ወደ ሱሉልታ ተመለሱ። ሙታናችንን ቆጠርን፤ ከአያ ባሕሩ ጋር አራት ነበሩ። በእንጦጦ ማርያም ቀበርናቸው። ያን ቀን ድል አደረግን ይባላል። ይሆናል። እኔ ያየሁት ጉም ነው።

ለሦስቱ ወደየአገራቸው መርዶ ነጋሪ ተላከ። የአያ ባሕሩን ዘመድ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

«የእሱ ለማን ይነገር?» አሉ ፊታውራሪው።

«ለእኔ ይነገረኝ።»

«አንቺማ በዓይንሽ አይተሽ!»

«ቢሆንም፣ ጌታዬ። እንደ ሰው ሁሉ ይነገርላቸው።»

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ደጄን መቱ። እንደ ወጉ ገብተው ተቀመጡና የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገሩኝ። እኔም እንደ አዲስ አለቀስኩ። ተሰማም ሸማውን አዘቅዝቆ ከአጠገቤ ተቀመጠ።