የንስሐ አባቴን የፈተሽኩ ዕለት

ከትውልድ ከተማዬ ከአማኑኤል መጥቼ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በር ላይ የቆምኩት አንድ የጥበቃ ድርጅት ዩኒፎርም አልብሶኝ፣ ጥቂት ቀን አሠልጥኖኝ ነው። «ፈታሽ ዘመድ የለውም» ሲሉን ከሁሉ ቀድሜ ራሴን የነቀነቅሁ እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ስቆም ግን ከተማው ሁሉ ዘመዴ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌ ሲመጣ አፍራለሁ፣ ቄስ ሲመጣ ኮፍያዬን አውልቄ መስቀል እሳለማለሁ። በደንብ የሚፈተሸው ማንንም የማያውቅ ባላገር ብቻ ነበር። ይህን ደግነት እለው ነበር።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ለተኙ ያለ ነርሷ ፈቃድ የሚበላም የሚጠጣም አይገባም። ምክንያቱን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ለኦፕራሲዮን ጾሟን ያደረች ሴት ዘመድ አዝኖላት አጥሚት አጠጥቷት ተራዋ አልፏል። ከልጅነቴ ጀምሮ ኃጢአቴን የሚሰሙት የንስሐ አባቴ ግን ከአማኑኤል ድረስ በትንሽ ጀሪካን ጠበል ይዘው በሽተኛ ሊጠይቁ ሲመጡ ሁልጊዜ አሳልፋቸዋለሁ። ከጋቢያቸው ሥር ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ የክረምት ጠዋት አዲስ ተቆጣጣሪ መጥቶ እጁን ኪሱ ከቶ ከአጠገቤ ቆመ። የንስሐ አባቴም እንደ ወትሯቸው መጡና መስቀላቸውን ዘረጉልኝ።

«ይቅርታ አባ፣ ጋቢዎን ይግለጡልኝ» አልኳቸው። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

«ምነው ልጄ? ጠበል እኮ ነው። ዛሬ ኦፕራሲዮን የምትሆን ሴት አለች፤ ጠበል ሳይነካኝ አልገባም ብላ አደራ ብላኛለች።»

«አይገባም አባ። መመሪያ ነው።»

ሰልፈኛው ሁሉ እያየ ጀሪካኑን ተቀብዬ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ አስቀመጥኩት። «ቆይ ነርሷን ልጠይቅልዎ» ማለት እችል ነበር፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። «አይጠጣ እንጂ ይረጭ» ትላቸው ይሆን ነበር። ግን ነርስ ፍለጋ ብሄድ ጉብዝናዬን ማን ያይልኛል? ተቆጣጣሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ!» አለኝ። ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታ ነው።

ተራዋ ደርሶ ጠበሉ ሳይነካት የገባችው ሴትዮ ከኦፕራሲዮኑ አልነቃችም። ጠበሉ ያድናት ነበር አልልም፤ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እየጠበቀችው ሄደች።

ፍልሰታ ሲገባ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ የምናዘዘው በዚያ ጠዋት ያደረግኩትን ነው። ስግደቱን ያብዙብኝ» አልኳቸው። ከበድ ያለ ቀኖና ቢሰጡኝ ሰግጄ ሰግጄ ልገላገለው ነበር ሐሳቤ።

«ጠበሉን በመያዝህ ቀኖና አልሰጥህም፤ የታዘዝከውን ነው የሠራኸው» አሉኝ። «ግን ያ ሰውዬ አጠገብህ ባይቆም ታሳልፈኝ ነበር?»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያው ለይተህ ንገረኝ። የምትናዘዘው የያዝከኝን ቀን ነው፣ ወይስ ያሳለፍከኝን ቀን ሁሉ?»

«ስትለየው ና» ብለው አሳልመው ሸኙኝ።

ሳልለየው እሳቸው አረፉ። አሁን ሌላ የንስሐ አባት ይዣለሁ፤ ጾም በገባ ቁጥር ሄጄ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እነግራቸዋለሁ።