ሰባት ቤት ሲቆጠር የማይጠየቅ

ወንድሜ ክርያት ያም ከተማ ባሕሩ ዳር ሲሮጥ ወደቀ። አርባን ገና መሻገሩ ነው። ሲጋራ አያጨስ፣ መጠጥ አይወድ፣ ቀጭን እንጨት ነው። ደረጃ ስወጣ የማለከልከው እኮ እኔ ነኝ! ጎረቤቴ ጮማውን እየቆረጠ፣ ጢሱን እያቦነነ ሰማንያን አልፏል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጫማ ቀይሮ የሚሮጠው ወንድሜ ግን ልቡ ቆመ። ደግነቱ ከኋላው ይሮጥ የነበረ ሰው ደርሶ ደረቱን እየተጫነ አምቡላንስ እስኪመጣ አቆየው። ተረፈ።

ሆስፒታል ሐኪሟ እኔንና እናቴን አስቀምጣ ጠየቀችን። ከቤተሰቡ በልብ በሽታ ሳያረጅ የተቀጨ ሰው አለ ወይ? ዕብራይስጡን ለእናቴ ወደ አማርኛ መለስኩላት። እናቴም ሳታመነታ የለም አለች። ዘሯ ጤነኛ እንደሆነ፣ ጎንደር ሳሉ የልብ በሽታ የሚባል ነገር ስሙም እንዳልነበረ ነገረቻት። ሐኪሟም የለም ብላ ጻፈች።

የወንድሜ የደም ውጤት ቆይቶ መጣ። በደም ውስጥ ስብ ተሸክሞ የሚዞር፣ ሊፖፕሮቲን ኤ የሚሉት ነገር አለ። የእሱ ከልክ በላይ ነው። ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ ነው እንጂ ከምግብ የሚመጣ አይደለም፤ ጾምም ሩጫም አያወርደውም። እሱን ራሱን የሚቀንስ መድኃኒት ገና እየተሞከረ ነው አሉን። እስከዚያ ኮሌስትሮሉን በኪኒን ማውረድ፣ የደም ግፊቱን መጠበቅ ነው። እህትም ትመርመር አሉ፤ ተመረመርኩ፣ አለብኝ። ሴት ልጄም ተመረመረች። እሷም አለባት።

ለኔስ ግድ የለኝም፣ የበላሁትን በልቻለሁ። የልጄ ግን አንገበገበኝ። ሀዳር የሚባል ሰፈር በአንድ የአረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፤ የሚሠራ እጅ አለኝ። ለልጄ ደም ግን እጄ ምን ይሠራላታል? ታጥቦ አይለቅ ነገር። አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የዚያን ቀን ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር እናቴ ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ አባቷ እርፍ እንደያዘ ማሳው ላይ መውደቁን አወራችኝ። የአባቷ ወንድም ከገበያ ሲመለስ ደከመኝ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። አያቷም እንደዚሁ። ሁሉም ጎልማሶች ነበሩ። ሁሉንም ምች መታቸው ተባለ።

«ታዲያ ለሐኪሟ ለምን የለም አልሻት?» አልኳት።

የልብ በሽታ ብላ ነው የጠየቀችኝ እንጂ ምች መች አለች፣ ብላ ተቆጣችኝ። ደግሞስ ዘራቸው በድንገት ይሞታል ከተባለ ማን ያገባን ነበር? በኛ ደንብ ከጋብቻ በፊት የሁለቱም ወገን ሽማግሌ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ይቆጥራል፣ ዝምድና እንዳይኖር። ስም ይጠራል። አሟሟት ግን አይጠየቅም፤ መጠየቁ ነውር ነው። እናቴ ሰባቱን ቤት አንድ ሳትስት ትወጣዋለች። በምን እንደሞቱ ግን እኔን ልጇን እንኳ እስከዚያች ቀን ነግራኝ አታውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ተናደድኩባት፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘነችኝ።

ልጄ የታጨችበት ሰሞን ነበር። ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው። ልጁ ሳቂታ ነው፤ ቤሰደር፣ ችግር የለም፣ እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ልጆቻችን የኔን ደም ይወርሳሉ፣ ብሎ አሳቃት። እኔም ያንን ቃል ያዝኩ። ከኛ በኩል የተበላሸ እንደሆነ በሱ በኩል ንጹሕ ይሁን፤ አንዱ ወገን ከዳነ የልጅ ልጆቼ የመዳን ዕድል አላቸው አልኩ። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ዓርብ ጠዋት የልጁ አያት ሽማግሌዎቹን አስከትለው እናቴ ቤት መጡ። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እናቴ የኛን ቆጠረች። ስሞቹን ስትጠራ እኔ እያንዳንዱ የወደቀበት ይታየኝ ነበር፤ ማሳው፣ ድንጋዩ። ከዚያ አያትየው የራሳቸውን ቆጠሩ። የትም ላይ አልተገናኘንም። ሽማግሌዎቹ ተመስገን አሉ፤ ሊመርቁ ተነሡ።

እናቴ ግን አልተነሣችም።

«አንቱ» አለች፣ «አባትዎ በምን ሞቱ?»

የልጁ እናት የያዘችውን ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። አያትየው እናቴን ትክ ብለው አዩዋት፤ በእሷ ዕድሜ ካለች ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቁም። ቅር ቢላቸውም መለሱ።

«ምች ነው። ከእርሻ ሲመለሱ።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ታላቅ ወንድሜም እንደሳቸው። ሠላሳ ዓመትም አልሞላው።»

እናቴ ወደኔ ዞረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ወደ ጓዳው በር አየሁ። ልጄና እጮኛዋ ሳህን እያቀባበሉ ይሳሳቃሉ፤ ምንም አልሰሙም። ነገ ተመርመር ልለው እችላለሁ። ይመረመራል። ቢገኝበትስ? ያው ኪኒን፣ ያው ጠብቁ። አትጋቡ ልበላቸው? በየትኛው አፌ?

አያትየው እጃቸውን ዘረጉ። ዝምድና የላቸውም፣ ይጋቡ፣ ይውለዱ ይክበዱ አሉ።

እናቴ አሜን አለች። እኔም አሜን አልኩ።