ጭስ ያጣ ጣራ

እናቴ ያወረሰችኝ ቤት ሞጣ ነው፤ እኔ የምኖረው ቢቸና። በበቅሎ ሁለት ቀን ያስኬዳል። በእኔ በቅሎ ከሆነ ግን ጨቅላ ሕፃን ታቅፈው ቢነሡ፣ ሲደርሱ ልጁ ለትዳር ይደርሳል። ያን መንገድ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለስኩት ወገቤ ይናገር። እኔ መናገር ደክሞኛል።

ቤቱ የሣር ክዳን ነው። ለማከራየት ሳስብ ምኑን ላድስ፣ ምኑን ልተው የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። መልሱን የሰጠችኝ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ሞጣ ጤና ጣቢያ የገባው ድሬሰር ሚስት ናት። ቤቱን ልታይ መጥታ ገና ከደጃፉ ወደ ላይ ቀና አለች። የእናቴ ምድጃ አርባ ዓመት ያጠቆረው ጣራ እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል።

"ጋሼ፣ ይሄ ጣራ ነው የድስት ቂጥ?"

"የድስት ቂጥ ነው እንጂ። ከሥሩ የምንነደው እኛ ነን።"

ሳቀች፤ ግን ደጃፉን አላለፈችም።

ያኔ ገባኝ። ተከራይ የሚከራየው በዓይኑ ነው። ስለዚህ ዓይን የማያየውን ሁሉ ተውኩት። ከጀርባ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ማስመረግ ቀረ፤ አጥሩም ቀረ። በምትኩ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም ኖራ አስቀባሁ። ነጭነቱ ልክ ስላልነበረው የሞጣ ውሾች ጨረቃ የወጣች መስሏቸው በጠራራ ፀሐይ ይጮሁበት ጀመር። የድሬሰሩ ሚስት ጥቁሩን ጣራ እንዳታየው ከሥሩ አቡጀዲ ወጥሬ ኮርኒስ አበጀሁለት። የእናቴን ምድጃ ነቅዬ ጓሮ ውስጥ ትንሽ የሣር ክዳን ማድቤት ሠራሁ። ጭስ የሚባል ነገር ከዚያ ቤት ተሰደደ።

ድሬሰሩና ሚስቱ ገቡ። ሁለት ክረምት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሐምሌ ደብዳቤ መጣልኝ፦ "ጋሼ፣ ዝናቡን ሸሽተን አልጋችንን አራት ቦታ አዛወርነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረን ወደ እርስዎ ቤት ማዛወር ነው።"

እነሱ ከወጡ ሌላ ተከራይ እንደማይገባ አውቃለሁ። በሞጣ የመንግሥት ሠራተኛው ጥቂት ነው፤ የአንዱን ቤት ጉድ ሁሉም ያወራዋል። ባዶ የቀረን ቤት ደግሞ ክረምቱ መስከረም ሳይጠባ ይጨርሰዋል። በቅሎዬን ጫንኩ።

ስደርስ አቡጀዲው ውሃ አዝሎ ልትወልድ እንደ ደረሰች ላም ሆድ ተንጠልጥሏል። ድሬሰሩ ቤት ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ቁርሱን ይበላል። አፍሬ "እንደምን አደራችሁ" ማለት አቃተኝ።

ጣራ የሚከድኑ አንድ ሽማግሌ አስጠራሁ። ጣራው ላይ ወጡ፣ እጃቸውን ከሣሩ ውስጥ ከተው አንድ እፍኝ ነቀሉና ወርደው ፊት ለፊቴ ጨመቁት። እንደ አተላ ተንጠባጠበ።

"እሳት ከነደደበት ስንት ጊዜው ነው?"

"ሦስተኛ ክረምቱ ነው፣ አያ።"

"ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትለኛለህ? ሣርን የሚያኖረው ጭስ ነው። ጭስ ሲያጣ ይሻግታል። አንተ ደግሞ አልበቃህ ብሎ በጨርቅ አፈንከው።"

"በአዲስ ሣር ይክደኑልኛ!"

"በሐምሌ? ሣሩ ገና ለከብት አፍ አልደረሰም። ኅዳር ላይ ጥራኝ። የተበሳውን እኔ እደፍንልሃለሁ፤ አንተ እስከዚያ ከሥሩ እሳት አታጥፋ።"

አቡጀዲውን ቀድጄ ጣልኩ። ምድጃው ወደ ቤት መመለስ እንዳለበት ለድሬሰሩ ሚስት እንዴት እንደነገርኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

"ጋሼ፣ ጭሱን በክብር ሸኝተው አሁን ደግሞ ሊቀበሉት ነው?"

ዘወር ብላ ማድቤቱን አየች። እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን በቀን እሳት ነዷል፤ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ፍራሹን ተሸከመች።

"እኛ ማድቤት እንገባለን። እርስዎ ቤትዎን ያጭሱ።"

እነሆ የቤት ባለቤት ሆኜ የቤቴ ጭስ አጫሽ ሆንኩ። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ፍልሰታን እዚያው ጾምኩ። ከዓይኔ የወረደው እንባ ከሰማይ ከወረደው ዝናብ ይበልጣል። ኖራዬ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡና መሰለ፣ ከዚያ ማየት ተውኩ። ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ከማድቤቱ ድምፅ ይመጣል፦

"ጋሼ! ጭሱ ቀነሰ! ተኙ እንዴ?"

መስከረም ሲገባ ጣራው ማፍሰሱን አቆመ። ጥላሸቴን እንኳ ሳልታጠብ እየተንደረደርኩ ማድቤቱን አንኳኳሁ።

"ደርቋል! ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።"

በሩን ከፈተችው። ግድግዳውን ጋዜጣ ለጥፋበታለች፤ አልጋው ከጥግ ተነጥፏል፤ ድሬሰሩ ያለ ጃንጥላ ተቀምጦ ያነባል። ቀና ብላ ከእናቴ ጣራ እኩል የጠቆረውን የማድቤቱን ጣራ አየችው።

"ግቢውን አንለቅም፣ ኪራዩንም እንከፍላለን፤ አይስጉ" አለች። "ግን ከዚህ ከድስቱ ቂጥ የትም አንሄድም።"

ኅዳር ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ተመልሼ እንጨት ጨመርኩ።