በር ላይ የተያዘልኝ ቦታ

ከሠራዊቱ በሻምበልነት ማዕረግ ስሰናበት ዕድሜዬ አርባ አንድ ነበር። አዘዞ አጠገብ ፀዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ዘመድ አዝማድ ምን ልሥራ የሚለውን ተነጋግሮ ጨረሰልኝ። ግማሹ ምግብ ቤት ክፈች አለኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በስንቅ ክፍል ሠራዊት ስትመግብ የኖረች ሴት ሌላ ምን ልታውቅ! ግማሹ ባል ፈልጊ አለኝ። እኔ የፈለግሁት የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ መማር ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዬን በርቀት የጨረስሁት ሞጁሉን በስንቅ መኪና ጋቢና ውስጥ እያነበብሁ ነው፤ የቀረውን ደግሞ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ ለመማር ቆርጬ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ገበሬ ነው። አንድ ቀን ደወለልኝ።

«ሥራ አግኝቸልሻለሁ» አለኝ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። «ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ኮሌጅ አለ አይደል? የጥበቃ አለቃው የእኛው አገር ሰው ነው። ሴት ፈታሽ ይፈልጋል። ሸጋ ሥራ ነው፤ በር ላይ ቁሞ የሴቶችን ቦርሳ ማየት ነው።»

«አያ፣ እኔ እዚያው ኮሌጅ ልማር ነው የማመለክተው።»

«ምነው፣ እስከ ዛሬ የተማርሽው አይበቃም? በዚህ ዕድሜሽ ከልጆች ጋር ደብተር ልትይዥ?»

«እይዛለሁ።»

«እንግዲያው እምቢ ካሉሽ ቦታው ይያዝልሽ። ነግሬዋለሁ።»

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ስሄድ ያለቀሰ፣ ስመለስ በግ ያረደ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን እንደ እሱ ያበሸቀኝ የለም። ፎርም እንኳ ሳልሞላ እሱ ለመውደቄ ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል።

በማመልከቻው ቀን ቢሮ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስሁ፤ ይህ አመል እስከ መቃብር የሚከተለኝ ይመስለኛል። በሩ ላይ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሰች በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ቦርሳዬን ተቀበለችኝና ቁመናዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አዲሷ አንቺ ነሽ አይደል?» አለች በደስታ። «አለቃችን ከሠራዊት የወጣች ሴት ትመጣለች ብሎናል። እኔም ከዚያው ነኝ። አይዞሽ፣ ሥራው አይከብድም፤ ክረምት ላይ እግር መብረዱ ብቻ ነው።»

«እኔ የመጣሁት ልማር ነው» አልኋት እያንዳንዱን ቃል እየረገጥሁ። ቦርሳዬን ከእጇ መንጭቄ ገባሁ። እኔን ከፈታሽ ጋር ማምታታቷ አንገብግቦኝ ነበር።

ሬጅስትራር ያለው ጎልማሳ ሰውዬ ደግሞ ከዶሴዬ ላይ የመሰናበቻ ወረቀቴን ብቻ አየና ቀና ሳይል፣ «የጥበቃ ቅጥር እዚህ አይደለም፤ የሰው ኃይል ቢሮ ሂጅ» አለኝ።

«ወረቀቱን ይግለጡት» አልሁት። «ከሥሩ ሌላ አለ።»

ገለጠው። ዲግሪውን አየ፣ የትምህርት ማስረጃውን አየ፣ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ ይረዳኝ ጀመር፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ። ለምን መማር እንደፈለግሁ የጻፍሁትን አንድ ገጽ እስከ መጨረሻው አነበበልኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ልምከርሽ። ወታደር የሚለውን አውጭው። ‹በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሎጂስቲክስ ባለሙያ› ብለሽ ተኪው። ውሸት አይደለም። መምህራኑ ወታደር ሲባል ቀጭን ትእዛዝ ብቻ ነው የሚታያቸው። ለአንድ ቃል ብለሽ ዕድልሽን አታበላሽ።»

አልዋሽም፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር። ማለፍ እፈልግ ነበር፤ በጣም እፈልግ ነበር። ቃሉ ላይ ጫፉን ካስቀመጥሁ በኋላ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው የበላሁትን፣ የቀበርኋቸውንም ሰዎች ነው ሰርዤ የምገባው። ታዲያ ገብቶ የሚማረው ማን ሊሆን ነው?

«እንዳለ ይቀበሉኝ» አልሁት። «ከጣሉኝም የሚጥሉት እኔን ይሁን።»

ትከሻውን ነቅንቆ ማኅተሙን መታ።

ለቃለ መጠይቅ ሦስት መምህራን ፊት ቀረብሁ። መካከል የተቀመጠው ወረቀቴን እያየ ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ሻምበል» አለ ማዕረጌን እየጎተተ፣ «እርስዎ የመጡበት ቤት ያዝዛሉ፣ ይፈጸማል። ንግድ ውስጥ እንዲህ የለም። የማይታዘዝልዎትን ሰው አሠርተው ያውቃሉ?»

ደሜ ፈላ። ግን ጥያቄው ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ምሥራቅ በረሃ ውስጥ ሳለን የሆነውን ነገርኋቸው። ፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚታረዱትን በሬዎች የጫነው መኪና ጎርፍ መንገዱን ቆርጦበት ቀረ። ወታደሩ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን እስኪቀረው በሽሮና በምስር ጾሞ ፋሲካንም በሽሮ ሊፈስክ ነው። በአካባቢው ፍየል ሞልቷል፤ አርብቶ አደሮቹ ግን ሽጡልን ብንል አንሸጥም አሉ። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄጄ ከዛፍ ሥር ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። ቀስ በቀስ ገባኝ፤ እነሱን የጨነቃቸው ውሃ ነው። ጉድጓዳቸው ደርቋል፣ የእኛ የውሃ ቦቴ ደግሞ በየቀኑ አቧራ እያለበሳቸው በአጠገባቸው ያልፋል።

ቦቴው በእኔ ሥር አልነበረም። ሹፌሩ አለቃው ሌላ ነው፤ አዛዡ ደግሞ የእኔ አለቃ ነው። ሹፌሩን ለመንሁት። አዛዡ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎኝ ለሦስተኛ ጊዜ ገባሁበት። በመጨረሻ ቦቴው በየሁለት ቀኑ አንዴ እነሱ መንደር እንዲራገፍ ተስማማን፤ ፍየሎቹም በእግራቸው መጡ። የክርስቲያኖቹን ክርስቲያን፣ የሙስሊሞቹን ሙስሊም ባረከው፤ ሁለት ቦታ እሳት ነደደ፣ ሁሉም በላ።

«ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል» አልሁ፣ «እኔ ማዘዝ የምችለው አንድም አልነበረም።»

ፈገግ ያለው መምህር ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ከዳር የተቀመጠችው መምህርት፣ «ውሃውስ? ከበዓሉ በኋላ ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከዚያ እስክዛወር ድረስ ቦቴው አንድ ቀን አልቀረም።»

እሷ የሆነ ነገር ጻፈች። ሌላ ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስም ዝርዝሩ ተለጠፈ። ከታች ሁለተኛ ላይ አለሁ። እዚያው ቆሜ ለወንድሜ ደወልሁ።

«አለፍሁ፣ አያ።»

«በይ እንኳን ደስ ያለሽ! እና… ሰውየውን ስለ ቦታው ምን ልበለው?»

«ለሌላ ይስጠው በለው» አልሁት። ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ትምህርት በተጀመረበት ቅዳሜ ጠዋት የተማሪነት መታወቂያዬን ገና ከሩቅ አውጥቼ ወደ በሩ ሄድሁ። ያችው ሴት ናት። ከቦርሳዬ በፊት መታወቂያውን አፍንጫዋ ሥር ደቀንሁት። ፊትና ጀርባውን አየችና መለሰችልኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች ከልቧ። ከዚያ ዞር ዞር ብላ አይታ ጠጋ አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎርሙ፣ ዲግሪውን በርቀት ለጨረሰ ሰው ይሆናል?»

«የኔም በርቀት ነው፤ ይሆናል። ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ» አለች። «ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሠራዊት ሳለሁ ነው የጨረስሁት። እዚህ በር ላይ ስድስት ዓመት ስቆም የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ እኔም ለማንም አላወራሁት።»

አፈርሁ። ወንድሜን ያማሁት፣ ሬጅስትራሩን የገላመጥሁት፣ መምህሩን ያፋጠጥሁት እኔ፣ እሷን «ለማን ነው» ብዬ ጠየቅሁ። ያን ቀን ከዚያው ቤት ነኝ ስትለኝ እንኳ ምን ትሠሪ ነበር አላልኋትም። የገዛ ጓዴን በደንብ ልብሷ ብቻ አይቼ አልፌያታለሁ።

ግቢው ውስጥ የክፍል ደወል ተደወለ። በሕይወቴ ሰልፍ አርፍጄ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አረፈድሁ። ከደብተሬ ላይ ወረቀት ቀድጄ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍሁላት፤ እሷም አጠፈችና ደረት ኪሷ ከተተችው።

«ሬጅስትራሩ ወታደር የሚለውን አውጭው ይልሻል» አልኋት። «እንዳታወጭው።»